«ልጄ ቢቀንስም መልሶ ይወፍራል?»

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ክብደቱ ለዕድሜውና ለቁመቱ በጣም ከፍ ብሏል አለን። ወላጅም ልጅም አብረው የሚሳተፉበት የ9 ወር ፕሮግራም እንድንገባ ነገረን። እኔ የሌሊት ሺፍት ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የጓደኛዬ ልጅ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ገብታ ቀንሳ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እንደነበረች ሆነች። እውነት ዘላቂ ውጤት አለው? ደግሞስ የወፈረው እሱ፣ እኛ ለምን እንገባለን? እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ነው ያለችው። እሷም ‹ልጁ ምን ሆነ? አምሮበታል እኮ!› ትላለች። ታናሽ እህቱ 6 ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት። የእሷስ ነገር?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። አዎ፣ ዘላቂ ውጤት አለው። ግን ሰው እንደሚጠብቀው ትልቅ አይደለም፣ ለሁሉም ልጅም እኩል አይሠራም። ለውጡ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ እርስዎ «ለምን?» ብለው የጠየቁት ነው፦ የእናትና የአባት አብሮ መግባት።

ይህ ምክር ብቻ አይደለም፣ ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። ሌናርድ ኤፕስታይን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ በኋላ ወደ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሄደ እንጂ፣ ይህን ጥናት የሠራው ፒትስበርግ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 የሆኑ ልጆች ያሏቸውን 76 ቤተሰቦች ሦስት ቦታ ከፈለ። ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ ሁሉም ተመሳሳይ ትምህርት አገኙ። ልዩነቱ ያለው ማን ነው የሚለወጠውና ስለ ለውጡ የሚበረታታው በሚለው ላይ ነው። በአንዱ ቡድን ወላጅም ልጅም፣ በሁለተኛው ልጁ ብቻ፤ ሦስተኛው ቡድን የሚበረታታው መጥቶ ስለተገኘ ብቻ ነበር።

ከዚያ 10 ዓመት ጠበቁ። ልጆቹ ጎረምሶችና ወጣቶች ሆኑ። ውጤቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ታተመ። መለኪያው አንድ ልጅ ለዕድሜው፣ ለጾታውና ለቁመቱ ከሚጠበቀው ክብደት ስንት በመቶ ይበልጣል የሚል ነው። ከወላጃቸው ጋር የሠሩት ከ10 ዓመት በኋላ ከመነሻቸው በ7.5 ነጥብ ዝቅ ብለው ተገኙ። ልጁ ብቻ የሠራበት ቡድን በ4.5 ከፍ አለ። ሦስተኛው ቡድን በ14.3 ከፍ አለ። አስቡት፣ ትምህርቱ አንድ ነው። ወላጁ ራሱ መለወጡና አለመለወጡ ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ይታያል።

የጓደኛዎ ልጅ ታሪክም እዚሁ ቁጥር ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ቡድን በ5ኛው ዓመት የወረደው 11.2 ነጥብ ነበር። በ10ኛው ወደ 7.5 መጣ። ስለዚህ የቀነሰው በከፊል ተመልሷል። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ኤፕስታይን በ1994 አራት ጥናቶቹን አንድ ላይ አድርጎ ሲያቀርብ ከልጆቹ 30 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ ከውፍረት ክልል ወጥተው ተገኝተዋል። ከሦስት ልጅ አንዱ ማለት ይቻላል። ይህን ለወላጅ ስነግር አንዱ «አንድ ብቻ?» ይላል፣ ሌላው «አንድም ይወጣል ማለት ነው?» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ውፍረት አንዴ ከገባ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚወጣ ነገር አይደለምና።

ደግሞ ወላጅ ብቻ ገብቶ ልጁ ጭራሽ ያልገባበት ጥናት አለ። እስራኤል ውስጥ ሞሪያ ጎላን የምትባል ተመራማሪ ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 60 ልጆችን ለሁለት ከፈለች። በአንዱ ቡድን ስብሰባ የሚመጡት ወላጆች ብቻ ናቸው። ልጆቹ አንድም ቀን አልተጠሩም፣ «አንተ ወፍራም ነህ፣ ቀንስ» አልተባሉም። በሌላው ልጆቹ ራሳቸው መጡ። ከ7 ዓመት በኋላ 50ዎቹ ተገኝተው ተለኩ። ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑት ልጆች ከሚጠበቀው በላይ የነበረው ክብደታቸው በአማካይ 29 ነጥብ ቀንሷል። ራሳቸው የሠለጠኑት ደግሞ 20 ነጥብ ገደማ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ልክ ነው። ነገር ግን የ9 ዓመት ልጅ ገበያ አይወጣም፣ ወጥ አይሠራም፣ ፍሪጁን የሚሞላው እሱ አይደለም። «እኛ ለምን እንገባለን?» ላሉት መልሱ ይህ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርዎ። በ2017 ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ተቋም ከ6 እስከ 11 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ የተደረጉ 70 ሙከራዎችን መረመረ። ከ8,400 በላይ ልጆች አሉበት። የክብደት ልዩነቱ በአማካይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። ብዙዎቹ ሙከራዎችም ለረጅም ጊዜ አልተከታተሉም። ይህን ያነበበ ሰው «ለአንድ ኪሎ ተኩል ነው ይህ ሁሉ ምልልስ?» ቢል አልፈርድበትም።

ነገር ግን አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። በእነዚያ 70 ሙከራዎች ውስጥ አጭር ጊዜ ብቻ የቆዩም አሉ፣ ዓመት ሙሉ የሠሩም አሉ። አብረው ሲደመሩ ጠንካራው በደካማው ይዋጣል። በሥልጠናው ሰዓት ብዛት ከፋፍለው ያዩት ሰዎች ያገኙት ግልጽ ነው፦ ሰዓቱ ሲበዛ ውጤቱም ይሻላል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም ሆነ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚጠቅሱት ወለል 26 ሰዓት ነው። አካዳሚው በ2023 ባወጣው መመሪያ ይህ ሰዓት ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአካል ተገናኝቶ፣ ከቤተሰብ ጋር ቢሆን ይላል። ስለዚህ የተባለላችሁ የ9 ወር ርዝመት ጥሩ ነው። ግን ወሩን ሳይሆን ሰዓቱን ይጠይቁ። በ9 ወር ውስጥ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ከሆነ 5 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያ ክትትል ይባል እንደሆነ እንጃ፣ ፕሮግራም ግን አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ያድጋል። የ9 ዓመት ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ከጨመረ፣ ሚዛኑ ላይ ምንም ሳይታይ ውፍረቱ ቀነሰ ማለት ነው። በ2023 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ ይህ በደንብ ይታያል። 452 ልጆች ከነወላጆቻቸው በአራት ከተሞች ተሳተፉ። ሥልጠናው የተሰጠው ልዩ ማዕከል ውስጥ ሳይሆን በተለመደው የልጆች ክሊኒክ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በፕሮግራሙ ያለፉት ልጆች ከዕድሜ እኩዮቻቸው መሐል ያላቸው ቦታ በአማካይ ከጀመሩበት አልተነቃነቀም። ዜሮ! መደበኛ ሕክምና ብቻ ያገኙት ግን ወደ 6 ነጥብ ገደማ ከፍ አሉ። «ምንም አልቀነሰም» የሚሉት ያ ዜሮ፣ ባይገቡ ኖሮ ሽቅብ ይሄድ የነበረ መስመር ነው የቆመው። ስለዚህ ልጁን በየቀኑ ሚዛን ላይ አያውጡት። ሐኪሙ ዘንድ ያለውን የዕድገት ሰንጠረዥ በየሁለት ሦስት ወሩ ይጠይቁና መስመሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩ። ምን ያህል መውረድ እንዳለበትም ሐኪሙ ነው የሚወስነው፤ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ መቆሙ ብቻ ላይበቃ ይችላል።

ያ የ2023 ጥናት ስለ ልጅዎ እህትም ነግሮናል። በፕሮግራሙ ያልተመዘገቡ ወንድሞችና እህቶችም ለውጥ አሳይተዋል። ወላጆቹም ራሳቸው ቀንሰዋል። ስለዚህ የ6 ዓመቷን በተመለከተ፣ ገበታው አንድ ይሁን። እሷ ቀጭን ስለሆነች ቺፕሱና ጁሱ ለእሷ ብቻ፣ ለእሱ ካሮት ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው አመጋገብ ሳይሆን ቅጣት ነው። እሷም ጠግባ ትበላለች፣ እሱም ጠግቦ ይበላል። ቤት ውስጥ የሚገባው ነገር ነው የሚቀየረው።

የጓደኛዎ ልጅ ለምን ተመለሰች? ልጅቷን አላውቃትምና ስለ እሷ መፍረድ አልችልም። በጥቅሉ ግን ምክንያቱ ይታወቃል። ሰውነት የለመደውን ክብደት መልቀቅ አይወድም። የረሃብ ስሜት ይጨምራል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ሲያልቅ በየሳምንቱ «እንዴት ነበር ሳምንቱ?» የሚል ሰው ይጠፋል። ጁሱ ወደ ፍሪጅ ይመለሳል። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቆም ግፊቱ ቢመለስ «መድኃኒቱ አይሠራም» አንልም፣ ቆመ እንላለን። ይህም እንደዚያው ነው።

ይህን ያጠኑ አሉ። ዴኒዝ ዊልፍሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2007 ያወጣችው ጥናት ላይ ልጆች የ5 ወር የቤተሰብ ፕሮግራም ከጨረሱ በኋላ አንዳንዶቹ ለ4 ወር ያህል የማቆያ ክትትል አገኙ፣ ሌሎቹ አላገኙም። ክትትል ያገኙት በዚያ ወቅት የቀነሱትን በተሻለ ይዘው ቆዩ። ክትትሉ ሲያበቃ ግን ልዩነቱ እየደበዘዘ ሄደ። በ2017 ባወጡት ደግሞ ክትትሉን ወደ 8 ወር አስረዘሙት። ትርጉም ያለው ለውጥ ያሳዩት ልጆች ክትትሉ በየሳምንቱ ሲሆን 82 በመቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሲሆን 64 በመቶ፣ ትምህርት ብቻ ሲሰጥ 48 በመቶ ሆኑ። የክትትሉ ይዘትም የሚገርም ነው። ስለ ካሎሪ ብቻ አይደለም። ልጁ ጓደኛ ቤት ሲሄድ ምን ያደርጋል? ሲሰድቡትስ? የእግር ኳስ ጓደኛ አለው? ቅዳሜ አብሮት ፓርክ የሚሄድ ዘመድ ማነው? እንዲህ ያለውን ነው የሚሠሩት።

ስለዚህ ክሊኒኩን አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢኖረኝ ይህን ነበር የምጠይቀው፦ «9 ወሩ ሲያልቅ ምን አለ?» መልሱ «ሰርተፍኬት እንሰጣለን» ከሆነ ሌላ ይፈልጉ፤ ከሌለም ራስዎ ከልጆች ሐኪሙ ጋር በየወሩ ቀጠሮ ያስይዙ።

ዕድሜም ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናችሁ። ስቶክሆልም ውስጥ ከ600 በላይ ልጆችን ለ3 ዓመት ተከታትለው ነበር። ከባድ ውፍረት ከነበረባቸው መሐል በ6 እና በ9 ዓመት መካከል ሕክምና የጀመሩት 58 በመቶ ያህሉ ጥሩ ለውጥ አሳዩ። ከ14 እስከ 16 ዓመት ሆኗቸው የጀመሩት ግን 2 በመቶ ብቻ። «ሲያድግ ይሟሽሻል፣ ቁመት ሲጥል ይስተካከላል» የሚለውን የአገራችንን አባባል የማልወደው ለዚህ ነው። የሚስተካከልለት ልጅ አለ፣ ግን በተስፋ የምንጠብቃቸው ዓመታት ፕሮግራሙ በደንብ የሚሠራባቸው ዓመታት ናቸው። አሁን ደግሞ ስለ ክብደት መቀነሻው መርፌ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሴማግሉታይድ አሜሪካ ውስጥ ለክብደት የተፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው። ልጅዎ 9 ነው፣ ስለዚህ ለአሁኑ ይለፈን።

ወደ እናትዎ ልምጣ፤ የናንተ ቤት ጉዳይ የሚወሰነው በአብዛኛው እሳቸው ጋር ይመስለኛል። እርስዎ ሌሊት ሥራ ላይ ነዎት፣ ባለቤትዎ መንገድ ላይ ናቸው። ልጁን የሚያበሉት፣ የሚያስተኙት፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በር የሚከፍቱለት አያቱ ናቸው። በፕሮግራሙ ቋንቋ «ወላጅ» ማለት እሳቸውም ናቸው። እርስዎ 26 ሰዓት ሠልጥነው እሳቸው አንዱንም ካልሰሙ ግማሹ ሥራ አልተሠራም።

ደግሞ «አምሮበታል» ማለታቸው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የእሳቸው ትውልድ ያየው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ለእሳቸው የወፈረ ልጅ ማለት የዳነ ልጅ ነው። ስለዚህ «ማዘር፣ አንቺ ነሽ ያወፈርሽው» ብሎ መጀመር ነገር ማበላሸት ነው። ሐኪሙ ዘንድ አብረው ይውሰዷቸው። የደም ግፊቱን፣ የጉበቱን ምርመራ፣ የስኳሩን ውጤት በጆሯቸው ይስሙ። አያት ከልጅ ይልቅ ሐኪም ያምናል፣ ምን ይደረግ።

እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፣ በስልክም ቢሆን ያመጣሉ። ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። የ9 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ክብደት ሐኪሙ ያለውን ለአያቱ ሲተረጉም አስቡት።

ስለ ምግቡ ረጅም አልሄድም፣ ፕሮግራሙ ያስተምራችኋል። ኤፕስታይን የጀመረው ዘዴ ምግብን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብሎ ይከፍላል። አረንጓዴው እንደ ልብ፣ ቢጫው በልክ፣ ቀዩ አልፎ አልፎ። ችግሩ የሚሰጧችሁ ወረቀት ላይ እንጀራ የለም፣ ሽሮ የለም። ስለዚህ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁ መድቡ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶልያ አረንጓዴ ናቸው፣ ዘይት ውስጥ ካልዋኙ። የኛ የጾም አትክልት ላይ የሚፈሰው ዘይት ለብቻው ቢጻፍ ቀይ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ እንጀራ ቢጫ ውስጥ ይገባሉ። ለስላሳ፣ ጁስ፣ ቺፕስ፣ ዶናት፣ ከረሜላ ቀይ። እንጀራን ከቤት የሚያባርሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልደግፍም። አብዛኛው ጊዜ ልጆቻችንን የሚያወፍራቸው እንጀራው ሳይሆን ከእንጀራው በፊትና በኋላ ያለው ነው፦ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ጁስና ብስኩት፣ ቡና ሲፈላ ዳቦና ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ፣ ማታ ቲቪ ፊት ቺፕስ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ብቻ የሚያወጡ ከሆነ ፈሳሽ ስኳሩን ያውጡ። የልጁን ክብደት ለመቀነስ ብሎ ማስጾምም ነገር አይደለም። ጾም ለእምነት ነው፤ ለክብደት ሲሆን ልጁ ማታ ላይ የቀረበትን አካክሶ ይበላል።

ጉርሻውስ? ጉርሻ ይቅር አልልም። ግን ልጁ «ጠገብኩ» ካለ በኋላ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» የሚለው ይቅር። ጥጋቡን ራሱ እንዲያዳምጥ ነው የምንፈልገው፣ «ሳህንህን ጨርስ» ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምረው።

እንቅልፍ የሚረሳ ነገር ነው፤ በተለይ ወላጅ ሌሊት የሚሠራበት ቤት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ውስጥ በጠቅላላው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ያመሸ ልጅ ይበላል። በማግስቱም ደክሞት አይሯሯጥም። ታብሌቱ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

አንዳንድ ወላጅ «ስለ ክብደት ከተወራ ልጁ ምግብ ይጠላል፣ ሕመም ላይ ይወድቃል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፣ ግን መልሱ የሚያጽናና ነው። በባለሙያ የሚመሩ ፕሮግራሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲገመገሙ የአመጋገብ መታወክ ሲጨምር አልታየም። አደጋው ያለው ቤት ውስጥ በሚወራው ማሾፍ ነው። «ዱባው»፣ «ቦርጫም»፣ «ወፍሬ» የሚሉ የፍቅር ስሞች ዛሬውኑ ይቅሩ፤ አጎትም ይሁን የሰፈር ሰው ይነገረው።

የሥራ ሰዓታችሁን በተመለከተ፣ ሁለታችሁም ሁልጊዜ መገኘት የለባችሁም። በነዚህ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ አንድ ወላጅ ነው ከልጁ ጋር የሚመዘገበው። አንዳችሁ ቋሚ ሁኑ፣ እናትዎ ደግሞ በተቻለ መጠን አብረው ይምጡ። በቪዲዮ የሚሰጥ ክፍል ካለ ባለቤትዎ መኪናቸውን አቁመው ሊገቡ ይችላሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ስልክ ደውለው ጠቅላላ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ሲያልቅ ክትትል እንዳለ፣ ኢንሹራንሱ ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ቅዳሜ ወይም ቪዲዮ እንዳለ ይጠይቁ። ልጁ ማታ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ አንገቱ ዙሪያ ቆዳው የጠቆረ ከሆነ፣ ወይም ሽንት የሚያመላልሰውና ውሃ የሚያስጠማው ከሆነ ግን ፕሮግራሙ እስኪጀመር አትጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ለልጆች ሐኪሙ ይንገሩት።